«ጭንቀት የአንጎል ሴል ይገድላል» ብለን እንለጥፍ ወይስ ይቅር?

ጊቤ_ማዶ • ሰኞ፣ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁም። የፈተና ሰሞን ስለደረሰ ለተማሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ጽሑፍ እየተረቀቀ ነው። ረቂቁ «ጭንቀት የአንጎል ሴሎችን ይገድላል፤ የሞተ ሴል ደግሞ አይተካም» ብሎ ይጀምራል። ከፌስቡክ የተለቀመ መሆኑ ያስታውቃል። ሊረዳ የተጻፈ ወረቀት ተፈታኙን ጭራሽ እንዳያሸብረው ያሰጋል።

አንደኛ፣ አባባሉ እውነት ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ጭንቀት ሲናፕስ (የነርቭ ሴሎች መገናኛ) ላይ የሚያደርገው ነገር በደቂቃ፣ በሰዓትና በሳምንት ተለይቶ ቢነገረን። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሮድና ማጉያ በሌለበት እዚህ ጅማ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ሥራ መሥራት ይቻላል? ርዕሱን የሚወዱ ልጆች አሉ፤ መሣሪያውን ሲሰሙ ግን ይተዉታል።

ነጭ_ጋወን • ሰኞ፣ ማታ 2፡05

«ይገድላል» የሚለውን ዛሬውኑ ሰርዘው።

አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ባረጁ አይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የውጥረት ሆርሞን ሲበዛ ሂፖካምፐስ (የቦታና የዝርዝር ትዝታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ሴል ይጎድላል ይሉ ነበር። በ1989 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ በምርምር ማዕከል ተይዘው የነበሩ፣ ጨጓራቸው ቆስሎ የሞቱ ጦጣዎች ሂፖካምፐሳቸው ተጎድቶ መገኘቱ ታተመ። ወሬው ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። ልብ በል፣ እነዚያ ጦጣዎች ውጥረቱ እስከ ሞት ያደረሳቸው ናቸው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከነሱ ጋር አይቆጠርም።

በኋላ የሴል አቆጣጠሩ ዘዴ ሲሻሻል ታሪኩ ተለወጠ። ለሳምንታት የተጨነቁ አይጦችም ሆኑ ከባድ ድብርት ኖሮባቸው የሞቱ ሰዎች ሂፖካምፐስ ሲቆጠር የጎላ የሴል እልቂት አልተገኘም። የሚሰበሰበው ቅርንጫፉ፣ ዴንድራይቱ ነው። ለጅማ ሰው ደግሞ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ ጉንደላ በለው። የተጎነደለ ቡና ላየው የሞተ ይመስላል እንጂ ግንዱ በሕይወት አለ፣ ያቆጠቁጣል።

የቆጪ_ልጅ • ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ጉንደላ! ወረቀቱ ላይ ይግባ 😄

አባ_ሲናፕስ • ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ምሳሌው ያምራል፤ ግን ያነክሳል። ቡና ሲጎነደል ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ግንዱ እንዳለ ይቆረጣል። ዴንድራይት የሚሰበሰበው ጫፍ ጫፉን ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላ አለ፦ በዚያው ውጥረት፣ በዚያው ጭንቅላት ውስጥ፣ አንዱ ማሳ ሲመለመል ሌላው ይንዠረገጋል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ «ጭንቀት» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አንዱ ስጋት ነው፣ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው። ሌላው ሰውነት ለከበደው ነገር የሚሰጠው ምላሽ ነው፣ ልብ የሚመታው፣ ሆርሞን የሚረጨው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ስለሆነ «ውጥረት» ብትሉት ይሻላል። ወረቀቱም ላይ እንዲያው።

አሁን ሲናፕሱ። ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚገናኙባት ጠባብ ክፍተት ናት፤ ስፋቷ 20 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ጥንካሬዋ ቋሚ አይደለም። በ1973 ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ የጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ የነርቭ መስመሩን በተደጋጋሚ የኤሌክትሪክ ምት ሲኮረኩሩት መልሱ ለሰዓታት ጠንክሮ እንደሚቆይ አሳዩ። ይህ ኤልቲፒ ይባላል። ተቃራኒው፣ በዝግታ ሲኮረኮር መዳከሙ፣ ኤልቲዲ ነው። ትምህርትና ትዝታ የሚጻፉበት ብዕር እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብለን እናስባለን።

ቁልፉ ኤንኤምዲኤ የሚባለው ተቀባይ (ሴሉ መልእክት የሚቀበልበት በር) ነው። ቀዳዳውን ማግኒዥየም እንደ ቡሽ ወትፎታል። ሴሉ በደንብ ሲነቃቃ ቡሹ ይስፈነጠራል፣ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ብዙና ፈጣን ከሆነ ኤኤምፒኤ የሚባሉ ተቀባዮች ወደ ሲናፕሱ ይጨመራሉ፣ ግንኙነቱ ይጠነክራል። ጥቂትና ዘገምተኛ ከሆነ ግን ከዚያው ይነሳሉ። እንግዲህ ውጥረት የሚነካው ይህን ሚዛን ነው፦ የትኛው የካልሲየም መጠን «ጨምር»፣ የትኛው «ቀንስ» ተብሎ እንደሚነበብ።

በጊዜ ስናየው። በሰከንዶች ውስጥ ኖርአድሬናሊን የተባለው አንቂ ኬሚካል ይረጫል። ኮርቲሶል (በአይጥ ኮርቲኮስቴሮን) ይዘገያል፤ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ውጥረቱ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። የሚቀበሉት ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ፤ ይህ በ1985 ነው በግልጽ የተለየው። ኤምአር የሚባለው ሆርሞኑን 10 እጥፍ ገደማ አጥብቆ ስለሚይዝ በሰላሙም ጊዜ አብዛኛው የተያዘ ነው። ጂአር የሚሞላው ሆርሞኑ ሲያሻቅብ ብቻ ነው፤ በውጥረት ወይም በዕለታዊው ጫፍ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ኤምአር ግሉታሜት የተባለው አነቃቂ መልእክተኛ በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፣ ሲናፕሱ ይነቃል። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ጂአር ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ የጂኖችን ሥራ ይቀይራል፣ ሴሉም ወደ ርጋታው ይመለሳል። አሁን አዲስ ኤልቲፒ ለመፍጠር ይከብዳል፣ ኤልቲዲ ግን ይቀላል። ያው ሆርሞን ከማነቃቂያው ምት ጋር አንድ ላይ ሲመጣ ኤልቲፒን ያግዛል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ሲመጣ ያደናቅፋል። ይህ በሕይወት በቆየ የአንጎል ቁራጭ ላይ ታይቷል።

መጠኑም እንደዚያው ነው። በ1992 አይጥ ላይ እንደታየው ኮርቲኮስቴሮን እጅግ ሲያንስም እጅግ ሲበዛም ማጠንከሩ ይዳከማል፤ መሐሉ ላይ ይሻላል። ተገልብጦ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን አስቡ።

ጊቤ_ማዶ • ሰኞ፣ ማታ 3፡50

አባ ሲናፕስ ገለቶማ፣ እንዲህ ተለይቶ ሲነገር ይገባል። «ሌላው ይንዠረገጋል» ያሉትን ግን አንጠልጥለውት ሄዱ።

አባ_ሲናፕስ • ሰኞ፣ ማታ 4፡25

እሺ። እስካሁን ያልኩት የሰዓታት ነገር ነው። በሳምንታት ሲታይ ቅርጹ ራሱ ይለወጣል። የታወቀው አሠራር አይጥን በቀን 6 ሰዓት ለ21 ቀን ጠባብ ቱቦ ውስጥ ማቆየት ነው። በ1992 የታተመው ውጤት በሂፖካምፐስ ሲኤ3 ክፍል ያሉት ሴሎች የላይኛው ቅርንጫፋቸው እንደሚያጥርና ጥቂት ቦታ ብቻ እንደሚከፈል አሳየ። ሆርሞኑ ብቻውን አይደለም ይህን የሚያደርገው፤ ኤንኤምዲኤን የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጥም ቅርንጫፉ አያጥርም። ስለዚህ ግሉታሜትም ተጠያቂ ነው። ውጥረቱ ሲቆም በ10 ቀን ገደማ ቅርንጫፉ ይመለሳል። ለዚህ ነው አንዳንዶቻችን መሰብሰቡን እንደ ራስ መከላከያ የምናየው። ብዙ ግሉታሜት የሚወርድበት ሴል እጁን ይሰበስባል።

አሚግዳላ፣ የፍርሃት ትዝታ የሚይዘው ክፍል፣ ደግሞ ሌላ ነው። በ2002 የታተመ ሥራ አይጦችን በቀን 2 ሰዓት ለ10 ቀን ሙሉ በሙሉ እንዳይንቀሳቀሱ አድርጎ ሲያበቃ የሂፖካምፐሱ ቅርንጫፍ አጥሮ፣ የአሚግዳላው ረዝሞና በዝቶ አገኘ። የሚያስጨንቀው ክፍል ይህ ነው፦ በ2004 በታተመ ተከታይ ሥራ ከ21 ቀን እረፍት በኋላም የአሚግዳላው እድገት አልተመለሰም። አንድ ጊዜ ብቻ ለ2 ሰዓት የተያዘ አይጥ እንኳ ከ10 ቀን በኋላ አሚግዳላው ውስጥ ሲናፕስ የሚያርፍባቸው ጥቃቅን እሾሆች በዝተው ተገኝተዋል። የቦታና የዝርዝር ትዝታ የሚይዘው ቶሎ ተጎድቶ ቶሎ ያገግማል፤ ፍርሃት የሚይዘው ግን የጻፈውን አይፍቅም።

ስለዚህ «ውጥረት ፕላስቲሲቲን (የሲናፕስን የመለወጥ ችሎታ) ያጠፋል» ማለትም ስህተት ነው። ፕላስቲሲቲው ይሠራል፣ ያውም በትጋት። የት እንደሚሠራ ነው የተለወጠው።

በረካ_ላይ • ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

የሰው ጭንቅላት ላይስ? ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው የአንጎል ምስል ሁልጊዜ «ሂፖካምፐሱ ተኮማተረ» ይላል።

ነጭ_ጋወን • ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

በኤምአርአይ ትንሽ ሂፖካምፐስ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ሌላ። በ2002 የታተመውን የመንታዎች ጥናት አንብብ። ጦርነት ገብተው ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው ሕመም የያዛቸው ሰዎች ሂፖካምፐሳቸው ትንሽ ነበር። ግን ጦር ሜዳ ያልረገጠው መንታ ወንድማቸውም ትንሽ ነበር። ማለትም ቢያንስ በከፊል ትንሽነቱ ቀድሞ የነበረና ሰውየውን ለሕመሙ ያጋለጠ ነው። ኤምአርአይ ሲናፕስ አያሳይም። «ተኮማተረ» ለማለት ያው ሰው በፊትና በኋላ መታየት አለበት።

ለዚህ ወረቀት የሚመጥነው የ2009ኙ ነው። 20 የሕክምና ተማሪዎች፣ ኒው ዮርክ፣ ትልቁን የፈቃድ ፈተና ለአንድ ወር ሲያጠኑ። ውጥረቱ የበዛባቸው ትኩረታቸውን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለማዞር ተቸገሩ፣ የፕሪፍሮንታል ኮርቴክሳቸውም (ከግንባር ኋላ ያለው፣ ትኩረትን የሚመራው ክፍል) ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ቅንጅት ላላ። ፈተናው አልፎ አንድ ወር ካረፉ በኋላ ሲታዩ ከሌሎቹ አልተለዩም። አይጦች ላይ በዚያው ክፍል ቅርንጫፍ ማጠሩ ቀድሞ ታይቶ ስለነበር ሁለቱ ይገጥማሉ። ግን በሰዎቹ ላይ ማንም ዴንድራይት አልቆጠረም፤ ይህን ሳትለዩ እንዳትጽፉ።

የቆጪ_ልጅ • ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ታዲያ ትንሽ ውጥረት ጥሩ ከሆነ ፈተናው በር ላይ መንቀጥቀጣችን ጠቅሞን ነው ማለት ነው? ሳህኑ መሐል ላይ ነን ብለን እንጽናና?

አባ_ሲናፕስ • ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት 6፡50

አይ ልጄ፣ ሳህኑ ትዝታ ለመጻፍ ነው። የተጻፈውን ለማውጣት ሕጉ ሌላ ነው።

በ1998 የታተመ ሙከራ አለ። አይጦች ውኃ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ የት እንዳለ ተማሩ። በማግስቱ ከመፈተናቸው በፊት እግራቸው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጣቸው። ንዝረቱ 2 ደቂቃ ቀድሞ ሲሰጥ ቦታውን አስታወሱ። 4 ሰዓት ቀድሞ ሲሰጥም አስታወሱ። 30 ደቂቃ ቀድሞ ሲሰጥ ግን ጠፋባቸው፣ ያውም ኮርቲኮስቴሮኑ ጫፍ ላይ ሳለ። የሆርሞኑን ምርት የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ችግሩ ቀረ። በሰውም 25 ሚሊ ግራም ኮርቲዞን ከመጠየቃቸው በፊት የዋጡ ሰዎች ቀድመው ያጠኗቸውን ቃላት ማውጣት ቸግሯቸዋል። ትዝታው አልጠፋም። በሩ ነው የተዘጋው።

በሰዓት ላስላው። ፈተናው 3 ሰዓት ላይ ቢጀምር ተማሪው 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ተኮልኩሎ «ይሄን አንብበሃል? ያንንስ?» እየተባባለ ሲሸበር ሆርሞኑ ጫፍ የሚደርሰው ልክ ወረቀቱ ሲከፈት ነው። ከዚያ የበለጠ መጥፎ አገጣጠም የለም። ስለዚህ «በር ላይ አትኮልኮሉ» የሚል አንድ መስመር ከአሥር ምክር ይሻላል።

ነጭ_ጋወን • ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10

በዚያ ላይ የምጨምረው፦ በ2016 በታተመ ጥናት ደጋግመው ያነበቡ ሰዎች በውጥረት ጊዜ የሚያስታውሱት ቀነሰ። ያንኑ ነገር ዘግተው ራሳቸውን እየጠየቁ ያጠኑት ግን ውጥረቱ ከጀመረ 25 ደቂቃ ገደማ በኋላም ሲጠየቁ አልቀነሰባቸውም። ወረቀቱ ላይ «ማስታወሻህን ዝጋ፣ በባዶ ወረቀት ጻፍ፣ ከዚያ አመሳክር» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው የቁጥጥር ጉዳይ ነው። በ1989 በታተመ ሙከራ አይጦች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ዓይነት ንዝረት ደረሳቸው፣ በመጠንም በጊዜም እኩል። አንዷ ማቆም ትችላለች፣ ሌላዋ አትችልም። ኤልቲፒው የወደቀው በተለይ ማቆም የማትችለዋ ላይ ነው። የሥቃዩ መጠን እኩል፤ የተለየው መላ መኖሩ ብቻ። ለተማሪ ይህን እንዴት ትሉታላችሁ አላውቅም፤ እኔ ቢሆን «መጀመሪያ የምትችለውን ጥያቄ ሥራ» እለው ነበር። ከአይጥ እስከ ፈተና ወረቀት ያለው ዝላይ ረጅም መሆኑን ግን እወቁት።

በረካ_ላይ • ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30

እሺ፣ የዚህ ከተማ ዋናው ጥያቄ፦ ቡናስ? ጫትስ? ፈተና ሰሞን ሁለቱም በእጥፍ ነው።

ነጭ_ጋወን • ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ስም መረጥህና ጠየቅህ 😄

ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን የድካም መልእክተኛ መቀመጫ ይይዝበታል። በ2015 አይጦች ላይ እንደታየው ለሳምንታት ካፌይን በውኃ የጠጡ አይጦች ያልተጠበቀና የተለዋወጠ ውጥረት ሲወርድባቸው የትዝታ ችግሩና የሲናፕስ ለውጡ ቀንሶላቸዋል፤ ኤ2ኤ በሚባለው የአዴኖሲን ተቀባይ በኩል ነው። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን «ቡና ከውጥረት ያድናል» ብላችሁ ብትለጥፉ ከመጀመሪያው ስህተት አልተሻላችሁም። ያው ካፌይን ኮርቲሶልን በተወሰነ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ይገፋል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የተጠጣው ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ቡናውን እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ጨርሱ ብትሉ በቂ ነው።

ጫት ሌላ ነገር ነው። ካቲኖኑ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል፣ እንደ አምፌታሚን። ንቃቱ እውነት ነው፣ የልብ ምቱም የደም ግፊቱም እንዲሁ። ሌሊቱን ግን ይበላዋል። ቀን የተጻፈው የሚጸናው በእንቅልፍ ስለሆነ በምርቃና የተነበበ 80 ገጽ ጠዋት ላይ ስንቱ እንደሚገኝ አስቡት። ሃይማኖትም ስድብም ሳትጨምሩ ይህን ብቻ ጻፉ፤ ተማሪ ሲገሰጽ ወረቀቱን አያነብም።

ማይክሮስኮፕ_ሥር • ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካው፤ እኔ ልሞክር።

ኤልቲፒ መለካት ምን ይፈልጋል? 400 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የአንጎል ቁራጭ፣ 95% ኦክስጅንና 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይቋረጥ የሚነፋበት ሰው ሠራሽ የአንጎል ፈሳሽ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ በየ30 ሰከንዱ አንድ ምት እየሰጡ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ መነሻውን መለካት፣ ለ1 ሰከንድ በ100 ኸርትዝ መምታት፣ ከዚያ 60 ደቂቃ መከታተል። መሐል ላይ መብራት ለ5 ደቂቃ ከጠፋ ቀኑ አለቀ። መሣሪያውም ውድ ነው። ተዉት።

ጎልጂ–ኮክስ የሚባለው የነርቭ ሴል ማቅለሚያ ዘዴ ግን መብራት አይፈራም። ማሰሮው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ራሱ ይሠራል። ቅርንጫፍን እንጂ የሲናፕስን ጥንካሬ አያሳይም፤ ለመመረቂያ ግን በቂ ነው።

አሠራሩ፦ ፖታሲየም ዳይክሮሜት 5%፣ ሜርኩሪክ ክሎራይድ 5%፣ ፖታሲየም ክሮሜት 5% ለየብቻ በተጣራ ውኃ ይዘጋጃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 50፣ 50 ሚሊ ሊትር ይቀላቀላሉ። ከሦስተኛው 40 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይቀጥናል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ጠቅላላው 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቆይ፤ ከሥር ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተኛል። ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ፣ አጣሩት። አይጧ በ0.9% ጨው ደሟ ታጥቦ (ፎርማሊን እንዳትጠቀሙ) አንጎሏ በሙሉ ይገባበታል። ፈሳሹ ከአንድ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ይለወጥ፤ ከዚያ 14 ቀን በጨለማ። ቀጥሎ 30% ስኳር ውስጥ 2 እስከ 5 ቀን፣ በ200 ማይክሮ ሜትር መቁረጥ፣ በአሞኒያ ለ30 ደቂቃ ማጥቆር፣ ማጠብ፣ በፎቶ ማጽኛ ለ30 ደቂቃ ማጽናት፣ ማጠብ፣ በአልኮል ደረጃ በደረጃ ማድረቅ፣ መሸፈን።

የሚበላሸው የት ነው? የብረት መቆንጠጫ ፈሳሹን ከነካ ሜርኩሪው ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ቀለሙም ይበላሻል፤ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ብቻ። ስላይዱ ላይ ጥቁር አሸዋ የሚመስል ነገር ከበዛ ዝቃጩ አብሮ ተቀድቷል። ጠርዙ ብቻ ቀልሞ መሐሉ ባዶ ከሆነ ፈሳሹ አንሷል ወይም አልተለወጠም። ቁራጩ ከተሰነጣጠቀ ሳይሸፈን ከመጠን በላይ ደርቋል። ቁራጩ ከ100 ማይክሮ ሜትር ከሳሳ ደግሞ ቅርንጫፉ ጫፉ ላይ ይቆረጥና ውጥረቱ ያሳጠረው ይመስላችኋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሜርኩሪውን በማጠቢያው እንዳትደፉት፤ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። በጠርሙስ ይጠራቀም፣ ይጻፍበት፣ ይቆለፍበት። ጓንትና አየር የሚስብ ሳጥን ግዴታ ነው።

አባ_ሲናፕስ • ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

እህት፣ ጥሩ አድርገሽ አስቀመጥሽው። ስለ አይጦቹ አያያዝ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሞተው ከማሰሮው በፊት ነው።

ቱቦው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት። በእነዚያ 6 ሰዓታት ማነጻጸሪያዎቹም (ቱቦ የማይገቡት አይጦች) ምግብና ውኃ አያግኙ፤ አለበለዚያ የምታነጻጽሩት ረሃብን ነው። ማነጻጸሪያዎቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ፤ የተጨነቀች አይጥ ሽታዋና ድምጿ ሌላዋን ያስጨንቃል። ግን እነሱም በየቀኑ በእጅ ይነኩ፣ ይመዘኑ። የመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ የሰው እጅ ያዩ ማነጻጸሪያዎች ከሁሉ የባሱ የተጨነቁ ይሆናሉ። ክብደቱ በሦስት ሳምንት ካልተለያየ ውጥረቱ አልሠራምና ወደ ማሰሮው አትቸኩሉ። አድሬናል ዕጢውን መመዘንም ጥሩ ምስክር ነው፤ ይከብዳል። ደም ከቀዳችሁ አይጧ ከተነካች በ3 ደቂቃ ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት የራሳችሁን እጅ ነው።

ሌላው፣ አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት። ኮርቲኮስቴሮኗ ጫፍ የሚደርሰው ሲመሽ ነው፣ የእኛ ግን ሲነጋ። ጠዋት የተገደለችና ከሰዓት የተገደለች አይጥ አንድ ላይ አትደባለቁ። ወንድና ሴትም እንዲሁ። በሴት አይጥ የሚያጥረው የላይኛው ሳይሆን የታችኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ በ1997 ታይቷል፤ ሁለቱን ደርባችሁ አማካይ ብታወጡ ምንም ያልተለወጠ ይመስላችኋል።

የቆጪ_ልጅ • ማክሰኞ፣ ማታ 3፡35

ስንት ሴል ይቆጠራል? 10 አይጥ፣ ከእያንዳንዷ 8 ሴል፣ 80 ናሙና ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ማይክሮስኮፕ_ሥር • ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

አይቻልም። ናሙናህ 10 ነው። ከአንዲት አይጥ የመጡ 8 ሴሎች እህትማማች ናቸው፤ ውጥረቱ የደረሰው ለአይጧ እንጂ ለሴሉ አይደለም። የስምንቱን አማካይ ለአይጧ ስጥ፣ ከዚያ አነጻጽር። 80 ብለህ ከጻፍክ ፈታኙ መጀመሪያ የሚይዝህ እዚያ ላይ ነው።

ስላይዶቹን ሌላ ሰው ኮድ ይስጣቸው፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳታውቅ ቁጠር። ሙሉ በሙሉ የቀለመ፣ ከጎረቤቱ ያልተደራረበ፣ አካሉ በቁራጩ ውፍረት መሐል ላይ ያለ ሴል ብቻ ምረጥ። ከሴሉ አካል ተነስተህ በየ20 ማይክሮ ሜትሩ ክብ እየሳልክ ቅርንጫፉ ስንቴ እንደሚያቋርጠው ቁጠር። ለአንድ ሴል በእጅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ዓይንህን አሳርፍ።

ጊቤ_ማዶ • ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ጀዛኩሙላህ ኸይር ለሁላችሁም። አሁን የወረቀቱ መግቢያ እንዲህ ሆኗል፦

«ውጥረት የአንጎል ሴልህን አይገድልም። ሲበዛና ሲቆይ የሴሎችን ቅርንጫፍ ያሳጥራል፤ ውጥረቱ ሲያልፍ ቅርንጫፉ በ10 ቀን ይመለሳል። ፈተናው በር ላይ የምትሸበረው ግን ያጠናኸውን እንዳታወጣው ያደርግሃል። ማስታወሻህን ዘግተህ በባዶ ወረቀት እየጻፍክ አጥና። ቡናህን እስከ 8 ሰዓት ጨርስ። ተኛ። በር ላይ አትኮልኮል።»

ጉንደላው ወጥቷል፣ ይቅርታ ነጭ ጋወን።

ነጭ_ጋወን • ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

ጉንደላውን ይቅር ብያለሁ። «በ10 ቀን ይመለሳል» ከሚለው በፊት ግን «በአይጥ ሂፖካምፐስ ላይ እንደታየው» የሚል ጨምር። ለሰው የታየው የአንድ ወሩ ነው፤ እሱም ቅርንጫፍ ሳይሆን ቅንጅት ነው።

አባ_ሲናፕስ • ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

«አትኮልኮል» የሚለውን ወደ ላይ አውጣው፣ ከመጀመሪያው መስመር ቀጥሎ። በር ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ ሰው ቆሞ ሊያነበው ይኮለኮላል፤ ቤተ መጻሕፍት ለጥፈው።

ጊቤ_ማዶ • ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

😄 ቤተ መጻሕፍት ይሁን።